ጆሮ ሁለቴ አይቆረጥም

ላሊበላ ውስጥ ምንይችል ጋሻዬ በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ዕለት ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ "ገናዡ" ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው ይባላል። ሰውዬው ወፍጮው በዕዳ ተይዞ ተክዞ ተቀምጦ ሳለ፣ ምንይችል መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ሲመጣ አየና "ነፍሷ ወጣች እንዴ፣ ገናዡ የመጣው?" አለ። እውነትም የምንይችል ሥራ ከመገነዝ ብዙ አይርቅም። ነጋዴ ሲነግድና ሲያተርፍ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ነጋዴ ሲወድቅ፣ ፍርድ ቤት "ይህ ሰው ከስሯል" ብሎ ሲያውጅ፣ አበዳሪ ሁሉ ደጁ ላይ ሲሰለፍ፣ ከሰልፉ ፊት ቆሞ "መጀመሪያ የመንግሥት ግብር" የሚለው እሱ ነው። የሥራ መደቡ በደብዳቤ ሲጻፍ "የከሰሩ ግብር ከፋዮች ዕዳ ክትትል ባለሙያ" ይላል። ያን ሁሉ ከማለት ገናዥ ማለት ይቀላል።

ክፉ ሰው ነበር እንዳይባል ጉቦ አይበላም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያሉ የሚጎነትሉትን ባልደረቦቹን አይሰማም። ለምርመራ በገባበት ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ ለዚሁ ብሎ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይዞ ይዞራል። እንዲያው አንድ አመል ነበረው፤ ይጠረጥራል። ግድግዳ አንኳኩቶ ያዳምጣል። የጤፍ ጆንያ ሲያይ ከሥሩ ምን እንዳለ ያስባል። ለቅሶ ቤት ሄዶ "ነፍስ ይማር" ካለ በኋላ ዓይኑ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የሟችን በረት ይዞራል። አንድ ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የልጅቱ አባት ለልጃቸው ሁለት ላም እንደሚሰጡ ሲናገሩ፣ ላሞቹ መቼና ከማን እንደተገዙ በሽማግሌዎቹ በኩል አስጠየቀ። ልጅቱን ለሌላ ዳሯት።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ፍላቂት አጠገብ ገብስ ከሚያርሱ ከአቶ ጋሻዬና ከወይዘሮ ይማርሽ ቤት ነው የወጣው። አባቱ ለትምህርት ወልድያ ሲሰዱት አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አገሩን የሚያየው ለበዓል ነው፣ እሱንም ሁለት ቀን አድሮ። ሥራ በያዘ በሁለተኛው ዓመት አንድ የጨርቅ ነጋዴ "ከሰርኩ" ብሎ ከፊቱ ቆሞ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ምንይችልም ሆዱ ባብቶ "የሚያዝ ንብረት የለውም" ብሎ መዝገቡን ዘጋለት። በወሩ ሰውዬው ኮምቦልቻ ላይ በአማቹ ስም ከበፊቱ የሰፋ ሱቅ ከፈተ። የሦስት ወር ደመወዝ የተቀጣው ምንይችል ነው፤ ማስጠንቀቂያ በፋይሉ የገባውም የሱ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያለቅስ ባየ ቁጥር "ይሄ ደግሞ ምን ደብቆ ነው?" ማለት ልማዱ ሆነ፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውንም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፎ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አስቀመጠው።

በ1990 ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ላሊበላ ላይ አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። ፈረንጁ ግን ጠፋ። አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጠ፣ ሆቴሎቹ አንሶላ እያጠቡ መልሰው ያንኑ ንጹሕ አንሶላ ማጠብ ሆነ ሥራቸው። ከሁሉ የከፋው የሀብተ ሥላሴ ነበር። ሀብተ ሥላሴ በእህል ንግድ ያደገ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ከባንክ ተበድሮ ባለ አሥራ አራት ክፍል ሆቴል ሠራ፤ ስድስት ዓመት ሠርቶበት ሰባተኛውን ሳይጨርስ እንግዳ አጣ። በ1991 ጥር ላይ በሩን ዘጋ። በ1992 መስከረም ፍርድ ቤት ኪሳራውን አወጀበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሕንፃውን ባንኩ ወሰደው፣ አልጋውና ብርድ ልብሱ፣ ፍሪጁና ጄኔሬተሩ ለግብር ዕዳው ተሸጠ። ከስልሳ አንድ ሺሁ የግብር ዕዳ አርባ ሁለት ሺሁ ተገኘ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር ጎደለ።

"ሌላ የለኝም" አለ ሀብተ ሥላሴ።

ፍርድ ቤቱ የሾመው ንብረት ጠባቂ ወልድያ ተቀምጦ ወረቀት ይጽፋል፤ ተራራ የሚወጣው ምንይችል ነው። ምንይችል ደግሞ "የለኝም" የሚል ቃል ሲሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። የሆቴሉን ደረሰኞች በሁለት ካርቶን ቢሮው አስመጥቶ አንድ ሳምንት ሙሉ አነበበ። የሥጋ አለ፣ የዶሮ አለ፣ የእንቁላል፣ የቅቤ፣ የሽንኩርት አለ። በስምንተኛው ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም የበግ ግዢ የለም። የሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ላይ ግን ሁለተኛው ተራ ቁጥር የበግ ጥብስ ነው።

ሀብተ ሥላሴን አስጠራው።

"ስድስት ዓመት ሙሉ የበግ ጥብስ ሸጠዋል።"

"ሸጫለሁ።"

"በግ ግን ገዝተው አያውቁም።"

ሀብተ ሥላሴ አፈጠጠበት፤ ከዚያ ሣቁ አመለጠው። "አንተ ሰው፣ እግዜር ምነው ፖሊስ ሳያደርግህ ቀረ?" አለና ነገሩን አስረዳው። በእህል ንግዱ ዘመን ደጋ ላይ ለሚያውቃቸው ገበሬዎች በጎች በርቢ ሰጥቶ ነበር። እናቲቱ የሰጪው ናት፤ ገበሬው ይጠብቃል፣ ይመግባል፤ የሚወለደውን ለሁለት ይካፈላሉ። ወረቀት የለውም፣ ሁሉም በቃልና በእምነት ነው። ለሆቴሉ የሚታረደው ከዚያ ከድርሻው ይመጣ ነበር። "በ91 ኅዳር፣ ሆቴሉ እንደማይተርፍ ሳውቅ ወጥቼ ከሁሉም ጋር ተካፈልኩ። የኔን ድርሻ ለሠራተኞቼ ደመወዝ አዋልኩት። የቀረው የገበሬዎቹ ነው፤ የኔ አይደለም።"

"ለደመወዝ ያዋሉበት ደረሰኝ አለ?"

"የለም።"

"ገበሬዎቹ እነማን ናቸው?"

"እሱን አልነግርህም።"

"ለምን?"

"ብትተወው ይሻልሃል፣ ምንይችል። ለኔ ብዬ እንዳይመስልህ።"

ምንይችል ማስታወሻው ላይ "ዛቻ" ብሎ ጻፈና አሰመረበት።

ሀብተ ሥላሴ ሆቴል ግቢ ውስጥ ንብረት ሲቆጠር አንዲት በግ ተርፋ ተመዝግባ ነበር። ምንይችል ያቺን በግ አስታወሰ፤ ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ይበቃዋል። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ያዘ፣ በአይሱዙ ጋሸና ወጣ፣ ከዚያ በሚኒባስ የደጋው በግ ወደሚሸጥበት ወደ ፍላቂት ገባ። የገበያ ቀን ነበር። ጋቢ ለብሶ፣ ዱላ ጨብጦ፣ በግ የሚገዛ መስሎ ከበጉ ተራ ተሰማራ። መስሎት ነው። በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል፤ እሱ ጆሮ ለጆሮ ይዞራል። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ "የጆሮ ሐኪም ነው እንዴ?" ሲል ሳቁበት። እሱ ግን ቀትር ሳይሆን ባለ ሁለት ስንጥቁን ጆሮ አገኘ። በጉን ይዘው የቆሙት አያ ኪዳን የሚባሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ገበሬ ነበሩ።

የቀበሌውን ሊቀ መንበር ወንዴን ይዞ እስከ አያ ኪዳን ቤት ተከተላቸው። በረቱ ውስጥ እንዲሁ ያሉ ዘጠኝ በጎች ተገኙ።

"ይህ ምልክት የማን ነው?"

"የአቶ ሀብተ ሥላሴ ነበር ጌታዬ።"

"ነበር?"

"ተካፍለናላ! በርቢ ስንይዝ ግልገሉ ሲወለድ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅ፤ ስለዚህ ሁሉም በባለቤቱ ምልክት ይሰነጠቃል። ኋላ ስንካፈል የኔም የደረሰኝ ከነምልክቱ ይቀራል። ጆሮ ሁለቴ አይቆረጥም። ሁለቴ የተቆረጠ በግ አይረባም፣ ያባቶቻችን ወግ ነው።" ሽማግሌው አንድ ግልገል ከመሐል አነሡ። "ይኸው ይዩት፣ ከተካፈልን ወዲህ የተወለደው ጆሮው ደኅና ነው። የኔ ብቻ ነዋ።"

ምንይችል የግልገሉን ጆሮ አገላብጦ አየ። ምልክቱን መሰንጠቅ ያቆሙት ከኪሳራው ወዲህ መሆኑ ነው። "ለመደበቅ" አለ በልቡ።

ሁለተኛው ቤት ሄዱ፤ ስድስት በግ። ሦስተኛው ቤት ሄዱ፤ ስምንት። ሁለቱም ባለቤቶች ቃል በቃል አንድ ነገር ተናገሩ፤ ተካፍለናል፣ ጆሮ ሁለቴ አይቆረጥም፣ ያባቶቻችን ወግ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲናገር ያምናል። ምንይችል ግን በሥራው የተማረው ሌላ ነው፤ እውነተኛ ምስክሮች ይለያያሉ፣ አንዱ ቀኑን ይስታል፣ አንዱ ቁጥሩን። ሦስት ሰው ያለ ዝንፍታ አንድ ቃል ከተናገረ ያስጠናቸው አለ ማለት ነው። የገዛ አገሩን ወግ እንደ ተጠና ውሸት ሰማው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ የወጣ ልጅ ስለ በግ ጆሮ ማን ይነግረው ኖሯል?

ሃያ ሦስቱን በግ መዘገበ። "ሌላስ አለ?" አለው ወንዴን።

ወንዴ ሰማይ ሰማይ አየ። "እኔ እንጃ። ከነገሩ ጦም እደሩ ነው።"

"አለ ወይስ የለም?"

"አንድ ቤት አለ። ግን ሌላ ሰው ቢሄድ አይሻልም?"

ይህን ሲሰማ የምንይችል ጆሮ ቆመ። አንድን ቤት ለይቶ የሚሸፍን ሊቀ መንበር ከዚያ ቤት የበላው ነገር አለ። "ምራኝ" አለ ቆጣ ብሎ። ወንዴም መራው። ጉብታውን ወጡ፣ የገብሱን ማሳ ጥግ ጥግ ይዘው ወረዱ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ደን ሥር ያለችውን ምንጭ ተሻገሩ። እዚያ ሲደርስ የምንይችል እግር መንገዱን ከወንዴ ቀድሞ አወቀው። ወንዴም ዞር ብሎ አላየውም።

"ልጄ!" አሉ ወይዘሮ ይማርሽ ከደጅ፤ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሮጡ፣ አገላብጠው ሳሙት። "ምነው ሳትልክብን? አመመህ እንዴ? ከስተሃል።" ጎትተው አስገቡት፣ ጠላ ቀድተው በእጁ ሰጡት። ምንይችል ዋንጫውን ወደ አፉ ካስጠጋ በኋላ ቆመ። ለምርመራ በገባበት ቤት አይጠጣም። ዋንጫውን ሳይቀምስ መሬት አስቀመጠው። እናቱ ዋንጫውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም፤ ዝንብ የገባበት መስሏቸው ሌላ ሊቀዱ ተነሡ።

አባትየው ገባቸው። አቶ ጋሻዬ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ዝምታ የሚያበዙ፣ በአካባቢው ርስት ሲካፈል፣ ከብት ሲካፈል ሰው ሁሉ "አያ ጋሻዬ ያካፍሉን" የሚላቸው ሰው ናቸው። በሩ ላይ የቆመውን ወንዴን ተመለከቱ፣ በልጃቸው ጉልበት ላይ ያለውን መዝገብ ተመለከቱ።

"በሥራ ነው የመጣኸው?"

"በሥራ ነው አባዬ።"

"እንግዲያው ሥራህን ሥራ።"

በረቱ ውስጥ አሥራ አንድ ባለ ሁለት ስንጥቅ በጎች ነበሩ። በየበዓሉ ሲመጣ አይቷቸዋል፣ ሲታረድለት በልቷል፤ ጆሯቸውን ግን አይቶ አያውቅም። ወልድያ የተማረበት ደብተርና ጫማ ከእነዚሁ በጎች እናቶች እንደወጣ አሁን ገባው። ሀብተ ሥላሴ ስማቸውን አልጠራም ያለው፣ ወንዴ ሰማይ ያየው ለምን እንደሆነም ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው።

"እነዚህ የሀብተ ሥላሴ ናቸው አባዬ?"

"የኔ ናቸው። ተካፍለናል።"

"ምልክቱስ?"

"ጆሮ ሁለቴ አይቆረጥም።"

ያው ቃል። አባቱንም አስጠንተዋቸዋል። ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው "የኔ ናቸው" ብለው ቢምሉ፣ በጎቹን ክርክር ያለባቸው ብሎ ሊመዘግብና ከሐራጁ ሊያቆይ እንደሚችል አስረዳቸው።

"ለበግ ልማል?" አሉ አባቱ።

"ለሥርዓቱ ነው።"

"አባትህ ነኝ፤ የኔ ናቸው አልኩህ። ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት መሐላ አለ? ላንተ ለልጄ እግዜርን በምስክርነት ልጥራልህ?" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አልምልም።"

ለምንይችል የሚያደላ ሰው፣ ግዴታ ያዘው፣ የሌላውን ወስዶ ያባቱን ቢተው አገር ይታዘበው ነበር ይል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ እሱም ኋላ ራሱን ያጽናናው በዚሁ ነው። ዋናው እውነት ግን ሌላ ነው። በዚያች ሰዓት፣ በረቱ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ምንይችል አባቱን አላመናቸውም። ሰው ለወዳጁ ብሎ፣ ለአደራ ብሎ ይዋሻል፤ እሱ ያላየው የለም። እርሳሱን ላስ አድርጎ "አሥራ አንድ" ብሎ ጻፈ።

ለሐራጁ ቀን ፖሊስ ሊልክ ነበር። አቶ ጋሻዬ አልፈለጉም። "በጎቹ ሰው ይለያሉ፣ በየገደሉ ይበተኑባችኋል" ብለው ራሳቸው ጎህ ሲቀድ ነድተው ፍላቂት ድረስ አመጡለት፤ ስንቅ ሳይዙ፣ ከማንም ጋር ከሰላምታ በቀር ቃል ሳይለዋወጡ። ሰላሳ አራት በግ በአማካይ በመቶ አምስት ብር ሂሳብ፣ በሦስት ሺህ አምስት መቶ ሰባ ብር ተሸጠ። የገዙት ጋሸና ያሉ ምግብ ቤቶች ናቸው። ጨረታው ሲያልቅ አባቱ ባዶ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲመለሱ፣ ከገበሬው ሁሉ አንድም ሰው ምንይችልን አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። የዞን አለቃው ግን ስልክ ደውሎ አመሰገነው፤ "ለአባቱ እንኳ ያላዳላ" የሚል ቃል በዓመቱ ሪፖርት ገባ።

በየካቲት መዝገቡን ሊዘጋ የአበዳሪዎችን ዝርዝር ሲያገላብጥ አንድ ነገር ጎረበጠው። ሆቴል ሲከስር ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ያልጠየቀበት ጊዜ የለም። ሀብተ ሥላሴ ላይ ግን ከስምንቱ ሠራተኞች አንድም ሰው አልጠየቀም። ይህም አንድ ተንኮል ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ዋናዋን ወጥ ሠሪ አሰለችን አስጠራ። አሰለች አሁን ጠላ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ንግግሯ ፊት ለፊት የሆነ ሴት ናት።

"ደመወዝሽን ለምን አልጠየቅሽም?"

"ተከፍሎኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?"

"መዝገብ ላይ አልተከፈለም።"

"በበግ ነዋ የተከፈለን! የአራት ወር ደመወዝ ሲቀርብን፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ መኪና ተከራይቶ ሁላችንንም ፍላቂት ወሰደን። 'ኋላ ደብቆ ነው እንዳትሉኝ ስንካፈል እዩ' አለን። እዚያው ለሁለት ተከፈለ፤ የሱ ድርሻ ለኛ፣ የገበሬው ለገበሬው። እኔ አምስት በግ ደረሰኝ። ሸጬ ነው ይህን ጠላ የጀመርኩ።"

ምንይችል ብዕሩን አስቀመጠ። "ማን ነው ያካፈላችሁ?"

"አንድ አዛውንት። አያ ጋሻዬ ይሏቸዋል። ደግ ሰው ናቸው ግን አሰለቹን፤ አንዲት በግ ላይ ጥርጥር ከመጣ እንደገና ያስጀምሩናል። ጀንበር ልታዘቀዝቅ ሆነ። 'ኧረ ይብቃ አባቴ፣ በግ ነው ወርቅ አይደለም' ብላቸው ምን አሉኝ መሰልዎ?" አሰለች ሣቅ አለች። "'ልጄ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ነው፤ አንድ ቀን ይጠየቅበት ይሆናል፣ ንጹሕ ይሁንለት' አሉ። ልጃቸውን ያውቁታል?"

አሰለች ፊቱን አይታ ሣቋን ዋጠች። ከዚያ "ልሂድ?" ብትለው በራሱ ነቀነቀላት።

ያን ዕለት ከሰዓት ሀብተ ሥላሴ ቤት ሄደ። አሁን ባንዲት ኪራይ ክፍል ነው የሚኖረው። ምንይችል በሩ ላይ ቆሞ "ለምን አልነገሩኝም?" አለ።

"ምን ብዬ? አባትህ ለምነውኛል። 'ስሜን አታንሣ፣ ልጄን ባልደረቦቹ ይጠረጥሩታል' አሉኝ። ደግሞስ ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"



መንግሥት ካዝና የገባ ብር በቀላሉ አይወጣም። ማመልከቻ፣ ምስክር፣ ቃለ ጉባኤ፣ የአሰለችና የሰባቱ ሠራተኞች ቃል። ምንይችል ይህን ሁሉ እሱው ራሱ አዘጋጀ፤ ስህተቱንም በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመ፣ ማስጠንቀቂያም ተጻፈበት። በስምንተኛው ወር ለሦስቱ ገበሬዎች በበግ መቶ አምስት ብር ተመለሰላቸው። ለአራተኛው ማመልከቻ የጣት አሻራ ያስፈልግ ነበር። ወንዴ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ባዶውን መለሰው። አቶ ጋሻዬ "እኔ ከመንግሥት ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም" ብለዋል። ምንይችል ተቆጥተው እንደሆነ ጠየቀው። "ኧረ አልተቆጡም" አለ ወንዴ፤ "ጠላ ጋብዘውኛል።"

በጎቹ በተሸጡበት ዓመት ፋሲካ ወደ አገሩ ለመሄድ እግሩ እንቢ አለው። ሥራ በዛብኝ ብሎ ላከ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1993 ፋሲካ፣ ለእናቱ ቀሚስ፣ ላባቱ ጋቢ ገዝቶ ወጣ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያጠና ነበር። "አባዬ ይቅር ይበሉኝ፤ አላመንኩዎትም ነበር" ሊል ነው። ጉልበታቸውን ስሞ ሊል ነው።

ደጁ ሲደርስ እናቱ እንደ ዱሮው ሮጠው ሳሙት። አባቱም ተነሥተው ሳሙት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ስለ ጤናው ጠየቁት። በግ ታርዷል፤ ቤቱ በቅቤው ሽታ ተሞልቷል። ማዕዱ ቀረበ። ምንይችል ጉልበታቸውን ሊስም ብድግ ሲል፣ አባቱ "ቆይ፣ ቁጭ በል" አሉትና ከግድግዳው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈትተው አንድ እጥፍ ወረቀት ሰጡት።

ፍላቂት ገበያ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈው የሽያጭ ውል ነበር። አንድ ሙክት በግ፣ ዋጋው መቶ ሠላሳ ብር፣ ሻጭ እገሌ፣ ገዢ ጋሻዬ፤ ከሥሩ የሻጩ የጣት አሻራ፣ የሁለት ምስክር ስም።

"በጉን ገበያ ነው የገዛሁት" አሉ አባቱ። ፊታቸው ላይ ሽሙጥ አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም። ልጃቸው ጨው ያነሰበት ምግብ እንደማይወድ ሰምተው ጨው ያቀረቡ ሰው ይመስሉ ነበር። "ጸሐፊው አምስት ብር አስከፈለኝ። ምስክሮቹም እዚሁ ጎረቤት ናቸው፣ ብትፈልግ ይጠራሉ። አሁን ሳትጠረጥር ብላ።"

እናቱ አቀርቅረው እንጀራውን ያስተካክላሉ። ምንይችል ወረቀቱን ሊቀደው፣ ሊያለቅስ፣ ያጠናውን ሁሉ ሊል ፈለገ። ዓይኑ ግን ቀደመው። ቀኑን አየ። የሻጩን ስም አየ። ሁለቱ የምስክር ስሞች በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸውን አየ፤ አስተዋለና ለምን እንደሆነ አሰበ። ቀና ሲል አባቱ እጃቸውን አጣምረው፣ ሰው ጸሎቱን እስኪጨርስ እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ እስኪያነብ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁታል።

"ጨረስክ?" አሉት።

"ጨረስኩ አባዬ።"

"በል እንግዲህ" አሉና የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆርሰው ሰጡት።